ዛቻና የሞተር ስርቆት፦ የክሱን አንቀጽ ማን ይመርጣል?



በዚህ የምርጫ ሰነዳችን ስለ መንገድ፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ መብራትና ስለ ቡና ገበያ ያለንን አቋም በየርዕሱ አስፍረናል። ይህኛው ርዕስ ግን በምርጫ ሰነድ ላይ እምብዛም አይታይም። የሚናገረው ስለ ሁለት ክሶች ነው፤ ስለ ዛቻና ስለ ተሽከርካሪ ስርቆት። «ለዚህ ደግሞ ፖለቲካ ምን አገባው? የፖሊስና የፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። መልሳችን አጭር ነው። የከተማ ሰው መንግሥትን የሚያገኘው በፓርላማ ሳይሆን በፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ነው። ገዥው ፓርቲ ስለ ሕግ የበላይነት በቴሌቪዥን የሚነግረን እውነት መሆን አለመሆኑን ማወቅ የሚፈልግ፣ ሞተሩ የተሰረቀበት ሰው ምን እንደተደረገለት፣ በሞተር ስርቆት የተጠረጠረው ልጅ ደግሞ ምን እንደተደረገበት ይጠይቅ።

ሞተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም

የጨና ወረዳን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ጭቃ ነው። ካፋ ዝናቡ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ጭቃው የአንድ ወር እንግዳ አይደለም። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ውስጥ ቡናውን፣ ማሩን፣ ኮረሪማውን ለገበያ የሚያወጣው ሞተር ነው፤ ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ የሚያደርሳትም ብዙ ጊዜ ሞተር ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት መንግሥትን መጠበቅ ሲሰለቸው የሚይዘው ሞተር ወይም ባጃጅ ነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከዕቁብ፣ ከአባት የቡና ሽያጭ፣ ከእህት የዓረብ አገር ደመወዝ፣ ከማይክሮ ፋይናንስ ብድር። ሞተሩ ሲሰረቅ ብድሩ አብሮ አይሰረቅም፤ ይቀራል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አቋማችን ግልጽ ይሁን። ሞተር የሰረቀ ሌባ ነው፤ ይያዝ፣ ይከሰስ፣ ጥፋቱ ሲረጋገጥ ይቀጣ። ካድሬዎች በየቀበሌው «ተቃዋሚዎች ለሌባ ጠበቃ ሆነው መጡ» እያሉ እንደሚያወሩ ከወዲሁ እናውቃለን። ያውሩ። እኛ የምንጠይቀው ሌባው በሕግ እንዲያዝ፣ ንጹሑ በሕግ እንዲለቀቅና ባለንብረቱ ንብረቱን እንዲያገኝ ነው። ዛሬ ሦስቱም አይሆኑም።

ባለንብረቱን እንይ። «ሞተሬ ተሰረቀ» ብሎ ጣቢያ የሄደ ሰው በየከተማው የሚገጥመውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ምስክር ራስህ ፈልግ ይባላል። ተሽከርካሪ የለንም፣ ቤንዚን የለንም ይባላል። ፍለጋው ሲጀመር ሞተሩ ዞኑን አልፎ ሄዷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። እድለኛ ሆኖ ሞተሩ ቢገኝለት እንኳ ኤግዚቢት ነው ተብሎ በጣቢያው ግቢ ዝናብ እየወረደበት ይቆማል። ክሱ እስኪያልቅ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ባለቤቱ በመጨረሻ የሚረከበው ባትሪው የወለቀ፣ መስታወቱ የጠፋ፣ ሞተሩ የዛገ ብረት ነው። ፎቶ አንስቶ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን መዝግቦ፣ «ፍርድ ቤት ሲፈልገው ላቀርብ» ብሎ አስፈርሞ መመለስ ምን ያቅታል? ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ለባለጉዳዩ ማሰብን ብቻ ነው።

መንግሥት ለዚህ ችግር የሚሰጠውን መልስ በአዲስ አበባ አይተነዋል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የከተማው አስተዳደር ወንጀል የሚፈጸመው በሞተር ነው ብሎ፣ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለ። ሌባ መያዝ ሲያቅት ሞተረኛን ሁሉ ከሥራ ማስወጣት ማለት ነው። በሞተር የሚነጥቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ በሞተር እንጀራ የሚበሉት ግን ብዙዎች ነበሩ። ቅጣቱ የወረደው በብዙዎቹ ላይ ነው። ዋጫ ውስጥ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢወጣ ስንት ቤት ምድጃው እንደሚቀዘቅዝ ለእናንተ አይነገርም።

አንድ ሞተር፣ ብዙ ክስ

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። መራጩ ሕዝብ ሕጉን ባወቀ መጠን የሚደልለው ሹመኛ ያንሳል ብለን ስለምናምን ትንሽ እንዘርዝረዋለን።

ዛሬ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው ነው። ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም ከዚያ ታሪካዊ የግንቦት 7 ምርጫ 6 ቀን ቀደም ብሎ። የአጋጣሚ ነገር ይሁን አይሁን ፍርዱን ለእናንተ እንተወው።

በዚህ ሕግ አንድ ሞተር ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ ክሱ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሰውየው ሞተሩን ሻይ ቤት ደጃፍ አቁሞ ገባ እንበል። ሲወጣ የለም። የወሰደው ብቻውን ነው፤ መሣሪያ አልያዘም፤ የሰበረው ነገር የለም። ይህ በአንቀጽ 665 ስርቆት ነው፤ ቅጣቱ ቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ያው ሞተር ሌሊት በቡድን የግቢ በር ተሰብሮ ከተወሰደ በአንቀጽ 669 ከባድ ስርቆት ይሆናል፤ ጣሪያው 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሞተረኛውን ጭር ያለ መንገድ ላይ አስቁመው፣ መትተው ወይም በብርቱ አስፈራርተው ከነጠቁት ደግሞ ስርቆት መሆኑ ቀርቶ ውንብድና ይባላል፤ አንቀጽ 670 ነው። መሣሪያ ከተመዘዘበት ወይም በተደራጀ ቡድን ከተፈጸመ ከባድ ውንብድና ሆኖ በአንቀጽ 671 እስከ 25 ዓመት ያደርሳል። ከዚህም የከፋ አለው።

ሌላም አለ። ባለቤቱ ራሱ አምኖ ቁልፉን የሰጠው ሾፌር ሞተሩን ሸጦ ቢጠፋ፣ ጥፋቱ እምነት ማጉደል ነው፤ አንቀጽ 675። የስርቆት ፍሬ መሆኑን እያወቀ የገዛ ወይም የደበቀ ሰው በመሸሸግ ወንጀል በአንቀጽ 682 ይጠየቃል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ምክር ጣል እናድርግ፤ ታርጋና ሊብሬ የሌለው ሞተር ከገበያው በግማሽ ዋጋ ሲቀርብላችሁ አትግዙ። ርካሹ ነገር ጣቢያ ያስገባችኋል፤ «አላወቅሁም» የሚለውን መልስ መርማሪው በዋዛ አይቀበለውም።

ታዲያ ፖለቲካው የት ላይ ነው? ልዩነቱን የሚፈጥሩት ሁለትና ሦስት ቃላት መሆናቸው ላይ ነው። «በቡድን»፣ «ሰብሮ»፣ «አስፈራርቶ»። እነዚህን ቃላት በመጀመሪያ የሚጽፋቸው ዳኛው አይደለም፤ የጣቢያው መርማሪ ነው። ልጁ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሻይ ሲጠጣ ስለተያዘ ብቻ «በቡድን» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ያቺ ቃል ከተጻፈች 5 ዓመቱ 15 ይሆናል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 63፣ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲሆን የዋስትናን በር አጥብቧል። ስለዚህ ከአንቀጽ 665 ወደ 669 መሻገር ማለት ወደፊት ስለሚመጣው ቅጣት ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ ቤቱ ያድራል ወይስ ጣቢያ ያድራል የሚለው ጥያቄም ነው። ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ገና ያልታወቀ ሰው ቅጣቱን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በየከተማው የሚታየውን አንድ ነገር እንውሰድ። አንድ ወጣት የሰው ሞተር ይዞ ይሠራል፤ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል። ገበያው ቀዘቀዘ፤ የሁለት ሳምንት ገቢ ተጠራቀመበት። ባለቤቱ «ሞተሬን መልስ» ይለዋል፤ ልጁ ደግሞ «ጎማና ሰንሰለት የቀየርኩበትን ተሳሰበኝና ውሰድ» ይላል። ይህ የሒሳብ ጠብ ነው። በሽማግሌ ወይም በፍትሐ ብሔር ክስ የሚያልቅ ነው። ስርቆት ለመባል የሌላውን ንብረት በማይገባ መንገድ ለመበልጸግ አስቦ መውሰድ ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን ቁልፉን በእጁ የሰጠው ባለቤቱ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ከወረዳው ሹም ጋር የሚተዋወቅ ከሆነ ነገሩ በአንድ ስልክ ይለወጣል። ልጁ ማታ ይያዛል። ሲያዝ ተናዶ «ቆይ አሳይሃለሁ» ካለ ሁለተኛ ክስ ራሱ ጨመረ፤ ዛቻ። በማግስቱ ከተማው ሁሉ የሚሰማው «የሞተር ሌባው ተያዘ፤ ሊገድለውም ዝቶ ነበር» የሚል ወሬ ነው።

ይህ ልጅ የሚያስፈልገው ጠበቃ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ ከመንግሥት ጠበቃ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ጠበቃ የሚያስፈልገው ግን ቻርጁ ከደረሰው በኋላ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት፣ ቃሉን በሚሰጥበት በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ያን ሌሊት «ፈርምና ትለቀቃለህ» የተባለ የ19 ዓመት ልጅ ምን ላይ እንደሚፈርም ማን ይነግረዋል? አንቀጽ 19 ያለመናገር መብት አለው ይላል፤ ተገድዶ የሰጠው ቃልም በማስረጃነት አይቀበሉትም ይላል። በጣቢያው ግድግዳ ላይ ግን ይህ ተጽፎ አናይም። የገዥው ፓርቲ መፈክር ተጽፎ እናያለን።

«ዝቶብኛል»

ወደ ዛቻ እንምጣ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 580 ሌላውን ሰው ከባድ አደጋ ወይም ጉዳት አደርስብሃለሁ ብሎ ያስፈራራና ያሸበረ ሰው እስከ 6 ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 500 ብር በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ ደነገገ። ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ማንኛውም የቁጣ ቃል ዛቻ አይደለም፤ የሰማውን ሰው በእርግጥ የሚያስደነግጥ ከባድ ነገር መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ክሱ የሚቀርበው የተዛተበት ሰው ራሱ አቤት ሲል ነው፤ ካድሬው «በእከሌ ስም» ሊከስ አይችልም፤ አቤት ባዩ ከታረቀም ነገሩ ሊዘጋ ይችላል። ሦስተኛ፣ ቅጣቱ በወራት የሚቆጠር እንጂ በዓመታት አይደለም፤ ስለዚህ ዋስትና የሚያስከለክል አይደለም።

ዛቻ ቀላል ነገር ነው እያልን አይደለም። የቀድሞ ባሏ በየማታው በር እየደበደበ «እገድልሻለሁ» የሚላት ሴት አለች። ጣቢያ ሄዳ ስታመለክት «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፣ ታረቁ» ተብላ ትመለሳለች። ሕጉ የተጻፈው ለእሷ ነበር። ለእሷ የማይሠራው አንቀጽ በቀበሌ ስብሰባ ላይ «የመሬታችን ካሳ የት ደረሰ?» ብሎ ጮክ ብሎ ለጠየቀ ሰው ሲሆን በፍጥነት ይሠራል። አስተዳዳሪው ተነሥቶ «አስፈራራኝ» ይላል። «በካርዳችን እናሳያችኋለን» ማለት ዛቻ ከሆነ፣ እንግዲህ ምርጫ የሚባለው ነገር ሁሉ ዛቻ ነው።

ትንሹ ክስ ለሹመኛው ጉልበት አልሰጥ ሲለው ሌላ ነገር ይለጠፍበታል። ለዚህ ታሪክ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 በጎዳና ሥርዓት የሚያውኩትን፣ የሚያስፈራሩትንና የሚቀሙትን ለመቆጣጠር ነው ተብሎ ሲወጣ የከተማ ሰው ብዙም አልተቃወመም፤ ኪስ አውላቂ ያስመረረው ነበርና። አዋጁ ግን በተጠረጠረው ሰው ላይ ዋስትና ከለከለ። በዓመቱ የ1997ቱ ምርጫ መጣ። ድምጼ ተሰረቀ ብሎ የወጣው ወጣት በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን «አደገኛ ቦዘኔ» የሚል ስም ተለጠፈበት፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ታፍሰው በየካምፑ ታጎሩ። አጣሪ ኮሚሽኑ በግጭቱ የ193 ሲቪሎችንና የ6 ፖሊሶችን ሞት መዝግቧል። ለኪስ አውላቂ ተብሎ የተሳለ ቢላ በመራጭ አንገት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

ይህ ነገር ለድሃ ብቻ የሚደርስ የሚመስለው ሹመኛ ካለ አቶ ስዬ አብርሃን ያስታውስ። የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩ፣ ሥርዓቱን ካቋቋሙት አንዱ ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ እዚያው ፖሊስ ያዛቸው። በዚያው ዓመት በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል ሕግ በጥድፊያ ወጣ። ከእስር የወጡት ከ6 ዓመት በኋላ ነው። ያ ዘመን አልፏል ይሉናል፤ ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ብልጽግና ሆኗል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በሰኔ 2010 ዓ.ም. በፓርላማ ፊት በእስር ቤቶች ማሰቃየት ይፈጸም እንደነበርና ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር እንደሆነ አምነዋል። ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ፍርድ ቤት በዋስ የለቀቃቸውን ሰዎች ፖሊስ አልለቅም ማለቱን ተቃዋሚ ብቻ ሳይሆን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ በተደጋጋሚ ገልጿል። ብርቱካን የጻፉት ትእዛዝ የገጠመው ዕጣ ዛሬም ከአንድ የወረዳ ዳኛ ትእዛዝ አይርቅም።

ስለ አንቀጽ 423 ሰምታችኋል?

ብዙ ሰው አልሰማም። እንዲሰማም አይፈለግም። በዚያው የወንጀል ሕግ ውስጥ ያለ አንቀጽ ነው። ከሕግ ውጭ ወይም በሕግ የተደነገገውን ሥርዓት ሳይጠብቅ ሰውን የያዘ፣ ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 424 ደግሞ በምርመራ ጊዜ ሰውን የሚደበድበውንና የሚያስፈራራውን ሹመኛ ይመለከታል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ተራ ሰው ሌላውን ቢያስፈራራ እስከ 6 ወር። ባለሥልጣን ሰውን ያለሕግ ቢያስር እስከ 10 ዓመት። ሕግ አውጪው የትኛው እንደሚከብድ ያውቅ ነበር። አፈጻጸሙ ግን ተገልብጧል። ስለዚህ ከዚህ ሰነድ ጋር አንድ ጥያቄ በይፋ እናቀርባለን፤ ካፋ ዞን ውስጥ ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለበት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 580 ስንት ሰው ተከሰሰ? በአንቀጽ 423ስ ስንት? የዞኑ ፍትሕ መምሪያ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ገጽ ያውጣልን። የመንግሥት ምስጢር አይደለም፤ የፍርድ ቤት መዝገብ ነው። የገዥው ፓርቲ ዕጩ ወደ ቤታችሁ ሲመጣም ይህንኑ ጠይቁት።

ክልሉ ቀረበ፤ ፍትሑስ?

የካፋ ሕዝብ ለዓመታት «ሐዋሳ ራቀን» ብሎ ጮኋል። ጩኸቱ እውነት ነበር፤ ለአንድ አቤቱታ ቀናት በመኪና መሄድ፣ አልጋ መከራየት፣ ጉዳይ አስፈጻሚ መለመን ነበር። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ድምጹን ሰጠ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም መናገሻ ሆነች። ይህ የሕዝቡ ድል ነው፤ ማንም ፓርቲ የሰጠው ስጦታ አይደለም። ቢሮው ከሐዋሳ ወደ ቦንጋ መጣ። ነገር ግን ከዋጫ ጣቢያ እስከ ዋጫ ችሎት ያለው መንገድ አጠረ ወይ?

ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ይቀርባል እንበል። ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ይላል፤ 14 ቀን ይሰጠዋል። በ14ኛው ቀን «አንድ ምስክር ይቀረኛል» ይላል፤ ሌላ 14 ቀን። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ከለከለ እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አልወሰነም። ይህን ቀዳዳ የማያውቅ መርማሪ የለም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የታሰረ የቡና ገበሬ ልጅ ሁለትና ሦስት ቀጠሮ ካሳለፈ የዓመቱ ቡና መሬት ላይ ወድቆ ይጠብቀዋል። እናቱ ከቀበሌ ስንቅ እየቋጠረች ትመላለሳለች። በመጨረሻ «ማስረጃ አልተገኘም» ተብሎ ቢለቀቅ የቡናውን ዋጋ የሚከፍለው የለም፤ ይቅርታ የሚለውም የለም።

የቋንቋ ነገርም አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ከተማ ያደግን ሰዎች አይከብደንም። ከገጠር ቀበሌ የመጣው ካፊኖኖ ተናጋሪ አዛውንት ግን የተያዙበትን ምክንያት በሚገባቸው ቋንቋ የመስማት መብታቸው በአንቀጽ 19 የተጻፈ ነው፤ በችሎትም አስተርጓሚ የማግኘት መብታቸው በአንቀጽ 20 አለ። ከጎናቸው የቆመውን ፖሊስ «አስተርጉም» ማለት አስተርጓሚ መስጠት አይደለም። ያሰረውን ሰው አፍ አድርጎ መሾም ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ይሆናል? ፖሊሶቹ ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። ብዙዎቹ የእናንተው ልጆች ናቸው፤ በትንሽ ደመወዝ፣ ያለ ተሽከርካሪ፣ ሌሊቱን በዝናብ የሚያድሩ ናቸው። ችግሩ የወረዳው አስተዳዳሪ፣ የፓርቲው ኃላፊና የፖሊስ አዛዡ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ መሆናቸው ነው። አዛዡ ዕድገቱን የሚጠብቀው ከሹሙ ነው። ሹሙ «ያዘው» ሲል አንቀጽ ይፈለግለታል። በየትኛውም አገር ፖሊስ ጌታው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ጥያቄው ያ ጌታ ሕጉ ነው ወይስ ስልክ የሚደውለው ሰውዬ የሚለው ነው።

ድምጻችሁን ብትሰጡን

የማንችለውን አንናገርም። የወንጀል ሕግ የማውጣት ሥልጣን የፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የወረዳና የዞን ፍርድ ቤቶች፣ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ በጀት ግን በክልሉ እጅ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ዕጩዎች አሉን፤ ሁለት ዓይነት ሥራም አለን።

ወደ አዲስ አበባ የምትልኳቸው ተመራጮቻችን የጊዜ ቀጠሮ ብዛት በሕግ ጣሪያ እንዲበጅለት፣ ዋስትናን በጅምላ የሚከለክሉ አዋጆችም እንዲሻሩ ረቂቅ ያቀርባሉ። በድምጽ ብልጫ ሊሸነፉ ይችላሉ። ቢሸነፉም በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፤ ማን እጁን እንዳወጣ፣ ማን እንዳላወጣ ዋጫ ድረስ መጥተው ያነቡላችኋል።

በክልሉ ምክር ቤት የሚቀመጡት ደግሞ በጀት ሲጸድቅ በየወረዳው ፍርድ ቤት ቢያንስ አንድ ደመወዝተኛ ተከላካይ ጠበቃና አንድ የካፊኖኖ አስተርጓሚ ካልተያዘ በጀቱን አይደግፉም። ለአንድ ባለሥልጣን የሚገዛ ባለ አራት ጎማ መኪና ዋጋ ስንት ጠበቃ ለስንት ዓመት እንደሚያሠራ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። የወረዳ ፖሊስ አዛዥ ሹመትና ሽረት ከአስተዳዳሪው እጅ ወጥቶ ነጻ በሆነ ጉባኤ እንዲወሰን እንታገላለን። ለባለሞተሮች ደግሞ የሻንሲና የሞተር ቁጥር መዝገብ በዞን ደረጃ እንዲከፈት፣ አንድ ሞተር መሰረቁ በተመዘገበ በዚያው ሰዓት ከቦንጋ እስከ ሚዛን፣ ከቦንጋ እስከ ጅማ ያሉ ኬላዎች ቁጥሩ እንዲደርሳቸው፣ የተገኘ ሞተርም ፎቶና ቁጥሩ ተወስዶ ባጭር ቀን ለባለቤቱ በአደራ እንዲመለስ እናደርጋለን። ስልክ በእያንዳንዱ ፖሊስ ኪስ ውስጥ ባለበት ዘመን ይህ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ሥራ አይደለም።

እስከዚያው ድረስ ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም ሠራተኛችሁ በዛቻ ወይም በሞተር ስርቆት ተጠርጥሮ ቢያዝባችሁ ጣቢያው ሄዳችሁ ሳትቆጡ፣ ሳትሳደቡ እነዚህን ጠይቁ፤ የተያዘው በየትኛው አንቀጽ ነው? የተያዘው በስንት ሰዓት ነው? 48 ሰዓቱ መቼ ይሞላል? አቤት ያለበት ሰው ማን ነው? መልሱንና የመለሰውን ኃላፊ ስም በወረቀት ያዙ። ካልገባው ወረቀት ላይ እንዳይፈርም ንገሩት። ሞተር ያላችሁም የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ዛሬውኑ ገልብጣችሁ ከሊብሬው ለይታችሁ ቤት አስቀምጡ፤ የሞተር ሌባ ብዙ ጊዜ ሊብሬውንም ከኮርቻው ሥር አብሮ ይወስደዋልና።